የሙከራ እዝን

እድራችን ለቅሶ መድረስን በቶከን ከተካ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰው ሲሞት እያንዳንዱ አባል ከስልኩ አንድ «እዝን» ይልካል፤ የላከ እንደ ደረሰ ይቆጠርለታል፣ ያልላከ ይቀጣል። በእግሩ ለቅሶ ቤት የሚሄድ የለም።

አሮጌውን ቶከን በአዲስ እንድቀይር የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አዲሱን ሠርቼ መጀመሪያ የሙከራ ብሎክቼይን ላይ፣ ለመለማመጃ ብቻ በተከፈተ ዲጂታል መዝገብ፣ አወጣሁት፤ አባላቱም እንዲለማመዱበት በአሮጌው ቦታ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። እዚያ የሚላክ ነገር አይቆጠርም። ወደ ዋናው ሳላዛውረው እናቴ አረፈች።

ከቀብር ብቻዬን ተመለስኩ። ስልኬን ባየው አራት መቶ እዝን ገብቷል፤ ከእያንዳንዱ ሥር «ለሙከራ ብቻ» ይላል። ወደ ዋናው ማዛወሩን መርሳቴ የገባኝ ያኔ ነው።

በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ከኋላቸው የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ እስከ ታች ድረስ በሰው ተሞልቷል።

«ልጄ፣ የላክነው አይቆጠርም ይላል» አሉኝ አፍረው። «ቅጣቱን ፈርተን በእግራችን መጣን።»

ገቡ። ግን ምን እንደሚባል የጠፋቸው ይመስል ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። በመጨረሻ ጋሽ ደበላ «እግዜር ያጽናሽ» ማለት ጀምረው ሳይጨርሱ አለቀሱ፤ ያን ጊዜ ቤቱ በለቅሶ ተናጋ።

«ቁጭ በሉ» ልላቸው ዞር ስል፣ ያሉን ወንበሮች ሁለት ናቸው፤ የእኔና የእናቴ።

ወንበር ልዋስ ወጥቼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንኳኩቼው የማላውቀውን የጎረቤቶቼን በር በየተራ አንኳኳሁ። የሚከፍት ጠፋ።

ሁሉም እኔ ቤት ነበሩ።