የተከደነው ሳህን

ገጣሚዋ ትርሲት ባሏን ከቀበረች ሳምንት አልፏል። ትንሿ ልጇ ናርዶስ ግን ዛሬም የአባቷን እራት በሳህን ከድና አስቀመጠች።

«ናርዶስዬ፣ አባባ ሞቷል» አለቻት።

«እሺ፣ ከመንገድ ሲመለስ ይበላዋል።»

ትርሲት ጥርሷን ነከሰች። ሰው ሁሉ ሲወለድ ጆሮው ውስጥ የሚተከልለት ማለስለሻ የሚሉት መሣሪያ ከባድ ቃል አያሳልፍም፤ «ሞተ» ስትል ሰሚው ጋ የሚደርሰው «መንገድ ሄደ» ሆኖ ነው። ትናንት የባሏን ሞት የገጠመችበትን ግጥም አዳራሽ ውስጥ ስታነብ ሰዉ በፈገግታ አጨበጨበላት። አንዱማ «በሰላም ይመልሰው» ብሎ ጨበጣት። በጥፊ ልትለው ምንም አልቀራት።

«ቃሌን ቀምታችሁ ልጄን ደጅ ደጁን ታሳዩብኛላችሁ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ድሮ ለቅሶ ቤት ሴቶች ሲያደርጉ እንዳየችው ደረቷን ደቃች። ደገመች። ቃል የለውም፤ ማለስለሻው ምኑን ያለስልሰው? ንዴቷ እጇ ላይ ወጥቶ ደረቷ እስኪቀላ ደቃች።

ናርዶስ ደንግጣ ስታያት ቆየች።

«አባባን ነው?»

ትርሲት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ልጅቷ የሳህኑን ክዳን አነሳች። የቀዘቀዘውን ወጥ አየችው፤ መልሳ ግን አልከደነችውም። ትንሿን እጇን ጨብጣ ደረቷን መታች።