ከፓርኪንጉ ጥግ የሚታየው ሰው

«ዝም አይበሉ እንጂ አባዬ! ሰውየውን አይተውታል ወይ ነው የምትለው» አለች ፀደይ።

የሕንፃው ማናጀር ግሎሪያ ስልኳን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። አቶ ደምመላሽ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። ሰው ሲመጣ የሚያደርጉት የቤዝቦል ኮፍያ ነው። ግሎሪያ በሱ ነው የምታውቃቸው፤ ባየቻቸው ቁጥር «ሃይ ፓፓ» ትላቸዋለች።

«የቱን ሰውዬ?» አሉ ልጃቸውን።

«ሊነጋጋ ሲል ከኋላ ፓርኪንጉ ጋ የሚታይ ሙስሊም አለ አሉ። ጎረቤቱ በሙሉ ፈርቷል። በስልክ ግሩፓቸው ላይ ሌላ ወሬ የለም። የዚህ ሕንፃ ሰው ከሆነ ኖቲስ ይሰጠዋል፤ ከነቤተሰቡ ይወጣል ነው የምትለው።»

አቶ ደምመላሽ ቀና ብለው ግሎሪያን አዩ። ድሮም ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ኦክላንድ ውስጥ ሌላ የሚገባበት እንደማያገኝ ግን ያውቃሉ። ፀደይ ይህችን ያገኘችው ስንት ደጅ ጠንታ ነው።

ሰውየው ማን እንደሆነም ያውቃሉ።

ከላያቸው የሚኖረው ሙስጠፋ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ሚስትና ጨቅላ ሕፃን አለው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ሳን ሆዜ ድረስ ሰው ያመላልሳል።

በዚያ ሰዓት አቶ ደምመላሽም ታች ናቸው። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ጸሎታቸውን ወደ ፓርኪንጉ አውርደዋል። ፀደይ በርክሌ ካለው ሆስፒታል ከማታ ሺፍት እኩለ ሌሊት ላይ ገብታ ትተኛለች፤ የቤቱ ወለል ደግሞ እንጨት ነው፣ ትንሽ ሲነኩት ይጮኻል። እንቅልፏን ከሚነሷት ብርዱ ይሻላል ብለው ነው።

ከአጥሩ ጥግ ሆነው ሙስጠፋን ሲያዩት ከርመዋል። የመኪናውን የኋላ ክዳን ከፍቶ ሰማያዊ ጀሪካን ያስገባል። አንዳንድ ቀን እዚያው ጎንበስ ብሎ ይቆያል። በፊት ነገሬ ብለውት አያውቁም። እንዲያውም ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያደረሳቸው እሱ ነው።

አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ያዘባቸው። ጀሪካን ምን ያደርግለታል? በዚህ አገር ጀሪካን ይዞ የሚዞር ማን ነው?

ያቺ ውሻ የምታናፍስ ሴትዮም ትዝ አለቻቸው። ሰሞኑን ፓርኪንጉ ጋ ስትደርስ ክው ብላ ቆመች፤ የውሻውን ገመድ ሰብስባ ወደ ማዶ ተሻገረች። አቶ ደምመላሽ ዞር ሲሉ ሙስጠፋ ከኋላቸው መኪናውን እየከፈተ ነበር። ያን ጊዜ አልገባቸውም። አሁን ገባቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉ።

ፀደይ ደነገጠች። «ሙስጠፋን እንዳይሆን? አባዬ፣ ልጁ እኮ...»

«ታዲያ እዚህ ሌላ ማን ሙስሊም አለ? ጠየቀችኝ፣ አየሁ አልኩ። ከላይ ያለው ነው በያት።»

ፀደይ ወለል ወለሉን እያየች ተረጎመችው።

ግሎሪያ ፊቷ በራ። እዚያው እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ማስወጣት አልችልም፣ ነገ ከታየ ጎረቤቶቹ ፖሊስ ኮል ያደርጋሉ አለች። «ቴንክ ዩ ፓፓ» ብላ ሄደች።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሙስጠፋ ደረጃው ላይ አገኛቸው። እንደ ልማዱ የያዙትን ዕቃ ከእጃቸው ተቀበለ።

«አባባ፣ ነገ ብርድ ነው አሉ፤ ደረብ ያድርጉ። የእሑዱ ቀጠሯችንስ እንዳለ ነው?»

«እሑድ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

«ምነው፣ ተቀየሙኝ እንዴ? ኧረ የኔ መኪና ጾም አያስገድፍም!»

ሙስጠፋ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ዕቃቸውን ተቀብለውት ገቡ።

በማግስቱ ጉሙ አስፋልቱ ድረስ ወርዷል። አቶ ደምመላሽ ዛሬስ ባልወርድ ብለው ነበር። ግን ጸሎት አይታጎልም። ማተባቸው ላይ ሻርፕ ጠመጠሙ፤ ራሳቸውን በጋቢ ተከናንበው መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ጫማቸውን አውልቀው ከአጥሩ ሥር አኖሩት።

ሙስጠፋም ወረደ። ከሩቅ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ዓይናቸውን ሰበሩበት።

ወደ ምሥራቅ ዞረው መስገድ ጀመሩ። ከላይ አንድ መስኮት በራ፤ መጋረጃው ገለጥ ብሎ ተመለሰ። ግንባራቸው መሬት በነካ ቁጥር ያንኑ ይለምናሉ፦ ፖሊሱ ልጁ ከሄደ በኋላ እንዲመጣ።

ሙስጠፋ ግን የኋላውን ክዳን ከፍቶ ጀሪካኑን አነሣ። አይቸኩልም።

የፖሊስ መኪናው ያለ ሳይረን ገባ። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። የባትሪው ብርሃን ሙስጠፋ ላይ አረፈ። ጀሪካኑ ከእጁ አምልጦ ወደቀ፤ ውሃው እየተንዶቀዶቀ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሙስጠፋ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

አቶ ደምመላሽ በግንባራቸው እንደተደፉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በቃ፣ ልጁን ያዙት።

የቦት ጫማ ኮቴ ቀረበ። ሙስጠፋን አልፎ ቀረበ። ከራሳቸው በላይ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ሌላውም ጮኸ። ብርሃኑ ጋቢያቸውን ነጭ አድርጎት ቁጭ አለ። ሊነሡ መቋሚያቸውን ጨበጥ ሲያደርጉ ሙስጠፋ ካለበት እጁን ሳያወርድ ድምፁን አውጥቶ ለመናቸው፦

«አባባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይነሡ! መቋሚያውን ይልቀቁት፣ እጅዎን ከጋቢው ያውጡላቸው! ሙስሊሙ ሰውዬ የሚሉት እርስዎን ነው!»