ቀሚሱና መኪናው

አስናቀ የኤሌክትሪክ ታክሲውን ግቢ አቁሞ ቻርጀሩን ሲሰካ የቤቱ መብራት ጠፋ። አዲሱ ደንብ ከወጣ ወዲህ አንድ ቤት ወይ መኪናውን ይሞላል፣ ወይ መብራቱን ያበራል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። የእነአስናቀ መተዳደሪያ ደግሞ ታክሲው ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በጊዜ መተኛት ከለመደ ቆይቷል።

ወገቡን ይዞ ሲገባ ሚስቱ ውድነሽ የቀኑን ሥራ ጨርሳ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ እሑድ ለምትዳረው ልጃቸው የሠርግ ቀሚስ በእጇ ትሰፋለች። ነጩ ጨርቅ ላይ የደም ጠብታ አየ።

“ምን ሆንሽ?”

“መርፌ ወጋኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።”

“ታዲያ ለምን በኤሌክትሪክ ማሽኑ አትሰፊውም?”

“ታክሲው ቻርጅ ላይ ነው እኮ” አለች፣ ቀና ሳትል።

አስናቀ ወጣና ገመዱን ነቀለው። አምፖሉ ቦግ ሲል ውድነሽ ደነገጠች።

“ነገ በምን ልትሠራ ነው?”

“ነገ አልወጣም።”

“ምን ልንበላ?”

“እሱን ነገ እናስብበታለን። አሁን ስፊ።”

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። ውድነሽ ቀሚሱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ሰሞኑን በእጇ የሰፋችው ሁሉ ጠማማ መሆኑን ያየችው ያኔ ነው። እሱን እንዳትቀሰቅሰው ስፌቱን ቀስ ብላ መተርተር ጀመረች።