ውሸቴ ይኸውልዎ

ፈንታነሽ አንድ ዓይኗን ጨፍና በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ ስታይ፣ ዝናብ ሲጥል ኩሬ ላይ እንደሚነሣ አረፋ ያሉ ጥቃቅን ድቡልቡሎች ታዩዋት። "የእኔ ናቸው?" አለች።

"ያንቺ ናቸው" አለቻት ተመራማሪዋ ሰሚራ። "ከማህፀንሽ ውስጠኛ ሽፋን የወሰድናትን ቅንጣት እዚህ ሳህን ላይ አሳደግናት። ከጤነኛ ሴት ከወሰድነው ጋር ስናስተያየው በሽታሽ ቁልጭ ብሎ ታየ። ስትውጪው የኖርሽውን መድኃኒት ብንጨምርበት ምንም አላለውም፤ ሌላውን ስንጨምርበት ግን መስፋፋቱን አቆመ።"

የፈንታነሽ ፊት በራ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሆዷን ይዛ ከአጨዳ መሐል ስትቀመጥ፣ የሄደችበት ሐኪም ሁሉ መድኃኒት እየሰጠ "ምንም የለብሽም" ይላት ነበር። አማቷ ደግሞ "ሥራ ስትሸሽ ነው" ይሏት ነበር። ዛሬ ከሚኖሩበት ከገሳይ አብረዋት የመጡት አማቷ በሩ ሥር ቆመዋል።

"እማማ፣ ይምጡ! ውሸቴ ይኸውልዎ!"

አሮጊቷ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። "እኔም እንዲሁ ስታመም ነው ያረጀሁት። ሴት የሆነች ሁሉ የምትችለው መስሎኝ ነበር።" የፈንታነሽን እጅ ጥብቅ አድርገው ይዘው ወደ ሰሚራ ዞሩ። "ትንሿን ልጄንም ያማታል። እሷንም አስመሳይ ብያታለሁ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ይዣት እመጣለሁ።"

ፈንታነሽ እልልታዋን አቀለጠችው። በየጠረጴዛው ያጎነበሱት ተመራማሪዎች ሁሉ ቀና አሉ፤ ሰሚራም ጓንቷን ሳታወልቅ አብራት እልል አለች።