ሁዳዴ ሊገባ ሲል የዳነው ጨጓራ

የካቲት 20 ቀን 1992 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ ጋሼ እርገጤን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ጨጓራዎ ድኗል» አላቸው። የድሮ ሐኪሞች ወተት አዘውላቸው፣ የነፍስ አባታቸው አባ ክንፈ ገብርኤልም፣ ራሳቸው ጨጓራ ያማቸው ነበርና፣ አዝነው በጾም ፈቅደውላቸው ሃያ ዓመት ጠጥተዋል። አሁን ግን በሽታው የባክቴሪያ ነው ተባለና የሁለት ሳምንት ኪኒን ነቀለው።

«ትንሽ ቢተዉልኝስ? ሁዳዴ ሊገባ ነው እኮ!» ቢሉ ሐኪሙ ሳቀ።

ወተቱን መተው ጨነቃቸው፤ የነፍስ አባትን መዋሸት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እያዘገሙ ሄደው መዳናቸውን ተናዘዙ። አባ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ ብቻ፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ዝም በል። እኔንም ያዳነኝ እሱው ኪኒን ነው፤ ባለፈው ጥቅምት።»

በዚያ ሁዳዴ አባ ሊጠይቋቸው ሲመጡ ወተቱ በሁለት ብርጭቆ ይቀርብ ነበር።