አንድ ማብሪያ፣ ሁለት ባለቤት

ምትኩ ላቀውን አንቆ ከፈጠራ መብት ቢሮው ግድግዳ ጋር አላተመው። ሁለቱም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም፣ በበራና በጠፋ ቁጥር የመዳብ ጫፎቹ ተፋትገው ጥቀርሻቸውን የሚያራግፉ ማብሪያ ሠርተናል ብለው ለፈጠራ መብት አመልክተዋል።

«ሌባ! ከእኔ ነው የሰረቅከው!»

የላቀው አፍንጫ ደም ጠረጴዛውን አራሰው። የማመልከቻዎቹ መርማሪ ሊገላግል ገብቶ በክርን ተደቆሰና ወንበሩ ላይ ወደቀ። የእሱ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ማንኛውም የሙያው ሰው በቀላሉ ሊያስበው ለሚችለው ነገር መብት አይሰጥም፤ ይኸኛው እንደዚያ ይሁን አይሁን ሳምንቱን ሙሉ ቢያመዛዝንም አልቆረጠለትም።

«እናቴ ትሙት አልሰረቅኩህም!» አለ ላቀው እያቃሰተ። «ያንተን አይቼው አላውቅም። የቤቴ ማብሪያ ሲቃጠልብኝ ነው ያሰብኩት።»

የምትኩ እጅ ላላ። ላቀው በእናቱ በሐሰት እንደማይምል ያውቃል።

«በል ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» ብሎ ደሙን በእጅጌው ጠረገለት።

መርማሪው እፎይ አለና ብዕሩን አነሳ።

«ሁለታችሁም ሳትተያዩ ካሰባችሁት፣ ሌላውም የሙያው ሰው ያስበዋል ማለት ነው። ለማናችሁም መብት አይሰጥም።»

ምትኩ ዞር ብሎ የላቀውን ኮሌታ ጨመደደ።

«ሰረቅኩ በል!»