ሳሙኤል ከበር የመለሳቸው ሰው

«ጋሼ... ይሄ እኮ የኢትዮጵያ ፊልም ነው! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ይህን ያለው ሳሙኤል ነው... ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1999 ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ላይ ነበሩ።

ሳሙኤል ከተማው ውስጥ በተዘጋጀ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ትኬት ይቀበላል።

ፊቱ የቆሙት ጋሽ የማነ ናቸው። ኤርትራዊ... ኤሪን ውድስ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ የጽዳት ሠራተኛ።

ትኬታቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ከኋላ የተሰለፉት ሐበሾች ሳቁ።

«እሺ ልጄ...» ብለው ከሰልፉ ወጡ። ውጭ በረዶ ስለነበር ባስ እስኪመጣ ሎቢው ውስጥ ተቀመጡ።

ከዚያ ጉድ ፈላ...

የመጣው የፊልሙ ኮፒ ሰብታይትል፣ ማለትም ከሥር የሚጻፍ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የለውም!

አዘጋጇ ሮጣ መጣች።

«ፎርሙ ላይ አማርኛ እችላለሁ ብለሃል አይደል? በል ማይኩን ያዝ!»

ሳሙኤል ካናዳ የገባው በስድስት ዓመቱ ነው። ፊልሙ ላይ የገጠር ሽማግሌዎች በተረትና በቅኔ ይሟገታሉ...

ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይተረጉም ተደናቀፈ። ፊልሙ ቆመ። ሁለት መቶ ሰው ያየዋል።

ሐበሾቹን ቢለምን ቅኔውን የደፈረ የለም። ወደ ሎቢው ወጣ።

«ጋሼ... አማርኛ በደንብ ይችላሉ?»

ጋሽ የማነ አዩት። ኮታቸውን አውልቀው ተከተሉት።

አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ተረጎሙ። ቅኔው እንኳ አላመለጣቸውም።

መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ... ድምፃቸው ተቋረጠ።

ሳሙኤል ፊደል እየቆጠረ ራሱ አነበበው፦

«መታሰቢያነቱ አማርኛን ላስተማሩኝ ለመምህር የማነ ተስፋጽዮን። ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም።»

ለካ የፊልሙ ዳይሬክተር ጋሽ የማነ አዲስ አበባ ያስተማሩት ልጅ ነው! ስሙን ፕሮግራሙ ላይ አይተው ነበር የመጡት...

ሳሙኤል ማይኩን ተቀብሎ ተረጎመው። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እሱ ግን ቀና ማለት አቃተው።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ጠጋ አለ።

«ጋሼ... ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ልጄ...» አሉት ቀስ ብለው፣ «ስታሳፍረኝ ሰው ፊት ነበር። ይቅርታውን ግን ብቻችንን ስንሆን አመጣኸው።»

ሐበሾቹ ገና ሎቢው ውስጥ ነበሩ... ሳሙኤል ወጥቶ እነሱ ፊት ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት አጣ።

ጋሽ የማነ ባሱን ይዘው ሄዱ። አሁን በሕይወት የሉም።

ሳሙኤል ታሪኩን ሲልክልን «ስሜን እንዳትደብቁ» ብሎናል። ሕዝብ ፊት ይቅርታ መጠየቁ ነው... ከስንት ዓመት በኋላ።

ወገኖቼ፣ አደባባይ ላይ የሰበርነውን ሰው ጓዳ ውስጥ አንጠግነውም። እስክንደፍር ድረስ ደግሞ ሰውየው ላይጠብቀን ይችላል።

እናንተስ... ሰው ፊት አሳፍራችሁት፣ ሰው ፊት ይቅርታ ያልጠየቃችሁት ማን አለ? ስሙን ከታች ጻፉት።